በአውስትራሊያ ሰፖርት ወርከር ለመሆን፦ ከምዝገባ እስከ መጀመሪያው ሺፍት

በፕሌስመንቴ፣ ማለትም በሥራ ላይ ልምምዴ፣ የመጀመሪያ ሳምንት የአንድ ሰውዬ ጫማ አሰርኩ። ዊልቸር ላይ ነበር፤ የሚታዘዝለት አንድ እጁ ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ ባንድ አፍታ አሰርኩለትና ቀና አልኩ። ምንም አላለኝም። ዝቅ ብሎ ክሩን ፈታው። ከዚያ በዚያችው አንድ እጁ ቀስ እያለ እንደገና ማሰር ጀመረ። ሩብ ሰዓት ገደማ ፈጀበት። ሲጨርስ «አሁን እንሂድ» አለኝ።

ሜልበርን ውስጥ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወይም ፉትስክሬይ ቡና ላይ፣ ስለዚህ ሥራ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። «ስንት ወር ይፈጃል? በሰዓት ስንት ይከፍላል?» ይለኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ እጨምርበታለሁ፦ ሰው ሲታገል እያያችሁ እጃችሁን ሰብስባችሁ መጠበቅ ትችላላችሁ? እኛ ሩኅሩኅ ሆነን ነው ያደግነው። ሰው ሲቸገር ዘሎ መነሳት ያለ ነገር ነው። ይህ ጥሩ መነሻ ነው። ሥልጠናው የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ የምጽፈው በአውስትራሊያ፣ በተለይ በቪክቶሪያ ግዛት ስላለው አሠራር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት፦ ሥራው ምንድን ነው?

ሰፖርት ወርከር ነርስ አይደለም። የቤት ሠራተኛም አይደለም። አካል ጉዳት ያለበት ሰው የራሱን ኑሮ በራሱ መንገድ እንዲኖር አብሮት የሚሠራ ሰው ነው። ጠዋት ገላ መታጠብና መልበስ ላይ ማገዝ ሊሆን ይችላል። ገበያ አብሮ መሄድ፣ ምግብ አብሮ ማብሰል፣ ዋና መውሰድ፣ ሐኪም ቀጠሮ ማድረስም ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ሥራ ሰውየው ቤት ነው። አንዳንዱ ጥቂት ሰዎች አብረው በሚኖሩበት ግሩፕ ሆም ነው፤ እዚያ የሌሊት ሺፍትም አለ።

አብዛኛው ሥራ የሚከፈለው ኤንዲአይኤስ በሚባለው ብሔራዊ የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ ነው። ሕጉ የወጣው በ2013 ነው። ዛሬ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች በሥሩ አሉ። አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ አሠራር በጀቱ የተመደበው ለድርጅቱ ሳይሆን ለሰውየው ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ፕላን አለው፤ ድርጅቱን የሚመርጠው እሱ ነው። «ይህን ሠራተኛ አልፈልግም» ማለትም ይችላል። ደመወዝ የሚከፍላችሁ ድርጅት ቢሆንም፣ ሥራው ያለው ሰውየው ስለመረጣችሁ ነው።

አንደኛ፦ ገንዘብና ጊዜ ከማውጣታችሁ በፊት ራሳችሁን ፈትኑ

ኮርስ ተመዝግቦ ፕሌስመንት ላይ «ይህማ የእኔ አይደለም» ብሎ የሚተው ሰው አለ። ነውር የለውም፤ ግን ወራት ያልፋል። አስቀድማችሁ ቅመሱት። በኮሚኒቲያችን ውስጥ ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ፣ ሴሬብራል ፖልዚ (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) ያለበት ወንድም የሚንከባከቡ ቤተሰቦች አሉ። ብዙዎቹ በሐፍረት ወይም በድካም ብቻቸውን ነው የሚሸከሙት። ሄዳችሁ አንድ ቅዳሜ አብራችሁ ዋሉ። ለቤተሰቡ እረፍት፣ ለእናንተ ትምህርት ነው። በሠፈራችሁ የማኅበረሰብ ማዕከል በጎ ፈቃደኛ መሆንም ይቻላል።

እግረ መንገዳችሁን አፋችሁን ፈትሹ። «ሽባ»፣ «ደንቆሮ»፣ «አካለ ስንኩል» የሚሉት ቃላት ከልጅነት ጀምሮ ምላሳችን ላይ ናቸው። «አካል ጉዳተኛ»፣ «መስማት የተሳነው»፣ «ማየት የተሳናት» ማለትን ልመዱ። «ምስኪን» የሚለውም ቃል ቢቀር ደስ ይለኛል። ሰው ቤቱን ሊመራ፣ ሊመርጥ፣ ሊቆጣ የሚችል ሆኖ ሳለ «ምስኪን» ስንለው ሁሉንም እንነጥቀዋለን።

ሁለተኛ፦ እንግሊዝኛችሁን ለዚህ ሥራ አዘጋጁ

የሚፈለገው የዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ አይደለም። ሦስት ነገር መቻል አለባችሁ። ሲቸግር 000 ደውላችሁ የት እንዳላችሁና ምን እንደተፈጠረ መናገር። የመድኃኒት መለያና የእንክብካቤ ፕላን አንብባችሁ መረዳት። በሺፍቱ መጨረሻ የሆነውን በአጭሩ መጻፍ። ሦስተኛው ነው ብዙዎቻችንን የሚጥለን። ማሠልጠኛውም ከመቀበሉ በፊት የማንበብ፣ የመጻፍና የሒሳብ ፈተና ይሰጣችኋል።

አዲስ የመጣችሁ ከሆነ ኤኤምኢፒ የሚባለው የመንግሥት የእንግሊዝኛ ትምህርት ለብቁ ስደተኞች ነጻ ነው። ብዙ ሰው ጥቂት ወር ተምሮ ሥራ ሲያገኝ ያቋርጠዋል። እኔ ቢሆን አላቋርጥም። ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ልምምድ ላሳያችሁ። ማታ ማታ የልጃችሁን ወይም የራሳችሁን ውሎ በአምስት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ምን በላ፣ የት ሄደ፣ ምን አለ፣ ስንት ሰዓት ተኛ። ለአንድ ወር። የሺፍት ኖት ማለት ይኸው ነው።

ሦስተኛ፦ ኮርሱን ምረጡ፣ ማሠልጠኛውንም መርምሩ

በሕግ ሰርቲፊኬት የግድ አይደለም። ያለ ሰርቲፊኬት የሚቀጥር ድርጅት አለ። ይሁን እንጂ አብዛኛው ቀጣሪ ይጠይቃል። የተማረ ሰው የሚያውቀውን ሳያውቁ ሰው ቤት መግባትም ለሰውየውም ለእናንተም አደጋ ነው።

የተለመደው መግቢያ ሰርቲፊኬት 3 ኢን ኢንዲቪጁዋል ሰፖርት ነው። 15 የትምህርት ክፍሎችና ቢያንስ 120 ሰዓት የሥራ ላይ ልምምድ አለው። በአካል ጉዳት፣ በአረጋውያን፣ ወይም በሁለቱም መውሰድ ይቻላል። ሁለቱንም ያጣመረውን ውሰዱ እላለሁ፤ የሥራ በር ያሰፋል። ቀጥሎ ያለው ሰርቲፊኬት 4 ኢን ዲሰቢሊቲ ሰፖርት ነው። እሱ ውስብስብ ፍላጎት ካላቸው ሰዎች ጋር ለመሥራትና ወደ ቡድን መሪነት ለማደግ ይጠቅማል። ልምድ የሌለው ሰው ከ3 ቢጀምር ይሻለዋል።

ቪክቶሪያ ውስጥ ይህ ኮርስ በፍሪ ቴፍ ዝርዝር ውስጥ ነው። ቴፍ የሚባሉት የመንግሥት የሙያ ማሠልጠኛዎች ናቸው፤ ብቁ ለሆነ ተማሪ የትምህርት ክፍያውን መንግሥት ይሸፍናል። ለምዕራብ ሜልበርን ነዋሪ ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ፖሊቴክኒክ፣ ለብሮድሜዶውስ ካንጋን፣ ለዳንደኖንግ አካባቢ ቺዝም ቅርብ ናቸው። ዜጋና ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ ሰው የብቁነቱን ጉዳይ ከማሠልጠኛው ቢሮ አረጋግጦ ይመዝገብ።

አሁን ትልቁን ማስጠንቀቂያ ልንገራችሁ። «በሦስት ሳምንት ሰርቲፊኬት፣ ፕሌስመንቱን እኛ እንሞላላችኋለን» የሚል ሰው ከመጣ ሽሹ። በ2024 መጨረሻ የሙያ ትምህርት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ አስኳ የሚባለው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቲፊኬቶችን ሰርዟል። ከተሰረዙት ውስጥ የኢንዲቪጁዋል ሰፖርትና የዲሰቢሊቲ ሰርቲፊኬቶች ነበሩበት። ገንዘብ ከፍሎ፣ ሥራ ይዞ፣ አንድ ቀን «ሰርቲፊኬትህ አይሠራም» የሚል ደብዳቤ መቀበል ምን እንደሚመስል አስቡት። ማንኛውም ሕጋዊ ማሠልጠኛ በመንግሥቱ የሥልጠና መዝገብ ላይ አለ። ስሙንና የኮርሱን ኮድ እዚያ ፈልጉ። የአሁኑ የሰርቲፊኬት 3 ኮድ በ33021 ያልቃል፤ በ33015 የሚያልቀው አሮጌው ነው። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ፕሌስመንቱን ማን ያገኝልኛል? ሆይስት (ሰው ማንሻ ማሽን) የምለማመድበት ክፍል አላችሁ? ጠቅላላ ወጪው በጽሑፍ ይሰጠኛል? አፋቸው ከተንተባተበ ሌላ ፈልጉ።

አራተኛ፦ ወረቀቶቹን በጊዜ አሰባስቡ

ኮርሱ እስኪጀመር ቁጭ አትበሉ። ዛሬ ማታ ማለቅ የሚችል ነገር አለ። የኤንዲአይኤስ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ያዘጋጀው የሠራተኞች መግቢያ ትምህርት በኢንተርኔት ነው፤ ነጻ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ሲያልቅ ሰርቲፊኬት ይሰጣል። ሲቪያችሁ ላይ የሚጻፍ የመጀመሪያ ነገር አገኛችሁ ማለት ነው።

የተማሪ መለያ ቁጥር፣ ዩኤስአይ የሚሉት፣ ነጻ ነው፤ ያለሱ ሰርቲፊኬት አይሰጥም። የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። በየ3 ዓመቱ ይታደሳል፤ የልብ ማሸት ሥልጠናው ግን በየዓመቱ ነው። ከልጆች ጋር ለመሥራት የልጆች ደኅንነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ፕሌስመንት የሚቀበላችሁ ቦታ የክትባት ወረቀትም ሊጠይቅ ይችላል። መንጃ ፈቃድና መኪና ካላችሁ የምትመርጡት ሥራ በእጥፍ ይበዛል፤ ከሌላችሁ ግሩፕ ሆም ላይ አተኩሩ፤ እዚያ ብዙ ጊዜ መኪና የግድ አይልም።

ዋናው ወረቀት የኤንዲአይኤስ ወርከር ስክሪኒንግ ቼክ ነው። ይህ ከተራ የፖሊስ ማስረጃ ይለያል። ከወንጀል መዝገብ ባሻገር የሥራ ቦታ ጥፋቶችንም ይመለከታል። ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ለ5 ዓመት፣ በመላ አገሪቱ ያገለግላል። ቪክቶሪያ ውስጥ ሰርቪስ ቪክቶሪያ በሚባለው የግዛቱ መንግሥት አገልግሎት በኩል ታመለክታላችሁ። ስታመለክቱ የሚያሠራችሁን ድርጅት ትጠቅሳላችሁ፤ ድርጅቱ ካላረጋገጠ ማመልከቻው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ካመለከታችሁ በኋላ ለድርጅቱ ደውላችሁ አስታውሱ። ሰው ሳምንታት ሙሉ ሲጠብቅ የቆየው አንዲት ኢሜይል ሳትከፈት ቀርታ ይሆናል። በመታወቂያዎቻችሁ ላይ ያለው የስም አጻጻፍ መመሳሰሉንም እዩ። የእኛ የአባትና የአያት ስም ነገር እዚህ አገር ስንቱን ያጉላላ ጉዳይ ነው።

የቆየ ቀላል ጥፋት ያለበት ሰው ወዲያው ተስፋ አይቁረጥ። ጉዳዩ ይመዘናል እንጂ ሁሉም በራሱ አይከለክልም። አትደብቁ ብቻ።

አምስተኛ፦ ክፍል ውስጥ እነዚህን በደንብ ያዙ

አንዳንዱ ትምህርት ወረቀት መሙላት ይመስላል። እነዚህ ላይ ግን አትዘናጉ፤ ሰው የሚሞትባቸውና የሚዋረድባቸው ናቸው።

አንዱ ሰው ማንሳት ነው። አገር ቤት አያታችንን አቅፈን ነበር የምናነሳው። እዚህ አይቻልም፤ ምክንያትም አለው። አቅፋችሁ ስታነሱ ሰውየው ሊወድቅ፣ ትከሻው ሊወልቅ፣ የእናንተም ወገብ ሊበላሽ ይችላል። ሆይስት የሚባል ማንሻ ማሽን አለ፤ ሰውየው የሚቀመጥበት ጨርቅ ስሊንግ ይባላል። አልጋ ላይ ለማንሸራተት ስላይድ ሺት አለ። በእያንዳንዱ ጊዜ እነዚህን እዩ፦ ስሊንጉ የሰውየው ነው ወይ? መጠኑስ? ተቀዷል? የሆይስቱ የክብደት ልክ ስንት ይላል? የዊልቸሩ ፍሬን ተቆልፏል? ፕላኑ ሁለት ሠራተኛ ካለ ሁለት ነው። ጓደኛችሁ ስላረፈደ ብቻችሁን አትጀምሩ። ክፍል ውስጥ ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ሆይስቱ ላይ ተንጠልጠሉ። እግር መሬት ሲለቅ ሆድ ምን እንደሚል እወቁት። ከዚያ በኋላ «አሁን ላነሳህ ነው» ሳትሉ ቁልፉን አትጫኑም።

ሁለተኛው ማብላት ነው። እዚህ ጋ ስለ ጉርሻ ልናገር። ለእኛ ጉርሻ ፍቅር ነው። የመዋጥ ችግር ላለበት ሰው ግን አንዲት ትልቅ ጉርሻ ልታንቀው ትችላለች። እንዲህ ያለ ሰው በስፒች ፓቶሎጂስት (የንግግርና የመዋጥ ችግር ባለሙያ) የተዘጋጀ የአመጋገብ ፕላን አለው። አውስትራሊያ ከ2019 ጀምሮ የምትጠቀመው ዓለም አቀፍ መለኪያ ምግብና መጠጥን ከ0 እስከ 7 ደረጃ ይከፍላል። 0 እንደ ውኃ ቀጭን ነው። 4 እንደ ልጅ ገንፎ የላመ ነው። 5 የተከተፈና እርጥብ፣ 6 ለስላሳና በትንንሹ የተቆረጠ፣ 7 የተለመደው ምግብ ነው። ፕላኑ 4 ካለ 4 ነው። «ዛሬ እንኳን ትንሽ ዳቦ ይቅመስ» የለም። ሰውየው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። እናንተም ከፊቱ ተቀመጡ፤ ቆማችሁ አታብሉ። የያዘውን ሳይውጥ ሌላ አታስከትሉ።

ሦስተኛው እኛን በጣም የሚነካን ነው። «ለራሱ ብዬ ነው» የምትል አባባል አለችን። ክላየንቱ፣ ማለትም የምንደግፈው ሰው፣ ወፍሯል፤ ሠራተኛው ፍሪጁን ይቆልፋል። ሴትየዋ ውጭ እየወጣች ታስቸግራለች፤ በሩ ይዘጋባታል። በሕጉ እነዚህ ገደብ የሚጥሉ ድርጊቶች ይባላሉ። አምስት ዓይነት ናቸው፦ ሰውን ለብቻው መዝጋት፣ ባሕርይን ለመቆጣጠር መድኃኒት መስጠት፣ በመሣሪያ ማሰር፣ በእጅ ይዞ ማቆም፣ አካባቢውን መቆለፍ። በተፈቀደ የባሕርይ ድጋፍ ፕላን ካልሆነ በስተቀር ማንም ሠራተኛ በራሱ ሐሳብ አያደርጋቸውም። አዋቂ ሰው ሁለተኛ ቁራጭ ኬክ መብላት መብቱ ነው። ሳትደብቁ ንገሩት፣ አማራጭ አሳዩት፣ ውሳኔው የእሱ ነው። ጫማውን በአንድ እጁ ያሰረው ሰውዬም ሊወድቅ ይችል ነበር። እኔ ደግሞ አጠገቡ ነበርኩ።

አራተኛው ኖት ነው። ያያችሁትን ጻፉ፤ የፈረዳችሁትን አትጻፉ። «ዛሬ ክፉኛ ተናዶ ነበር፣ አስቸጋሪ ነው» ማለት ማንንም አይረዳም። «ከምሽቱ 12፡10 ላይ ሰሃኑን ወደ ወለሉ ወረወረ። ሆዱን እየያዘ አራት ጊዜ ጮኸ። እራቱን አልበላም። ለቡድን መሪዋ ደወልኩ» ብትሉ ግን ሐኪሙ የሆድ ሕመም ሊያገኝበት ይችላል። ብዙ መናገር የማይችሉ ሰዎች ሕመማቸው «ባሕርይ» ተብሎ ይታለፋል። የእናንተ አራት መስመር የእነሱ ምስክር ናት። ደግሞ እንግሊዝኛው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ አይደለም፤ የእኛ 12፡10 ምሽት ለእነሱ 6፡10 ነው። ድካም ላይ ሆኖ መሳሳት ቀላል ነውና መድኃኒት ስትሰጡ በተለይ ተጠንቀቁ።

ስድስተኛ፦ ፕሌስመንት

120 ሰዓቱ ብዙ ጊዜ አይከፈልበትም። ስለዚህ ለአራት ወይም ለአምስት ሳምንት የምትኖሩበትን አስቀድማችሁ አስቡ። የምሽት ሥራ ያላችሁ ሰዎች ከማሠልጠኛው ጋር ተነጋግራችሁ ሰዓቱን ማብቃቃት ትችላላችሁ። ፕሌስመንት ፈተና ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያ ሥራውን የሚያገኘው እዚያው ነው።

የምናጠፋቸው ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ሁለት ሐበሻ አንድ ሺፍት ላይ ሲገናኝ አማርኛው ይቀጥላል። ቤቱ ግን የሰው ቤት ነው። በቤቱ መሐል በማይገባው ቋንቋ ሲሳቅ «በእኔ ነው የሚስቁት» ብሎ የሚሳቀቅ ሰው አለ። ጆሮ ላይ ማዳመጫ ሰክቶ አገር ቤት እየደወሉ መሥራትም እንደዚያው ነው።

ሰላምታና አጠራርም አለ። በዕድሜ አባታችን የሚሆን ሰው በስሙ ብቻ ጥሩኝ ሲል ይከብደናል። «አንቱ» እንግሊዝኛ ውስጥ የለም። አክብሮቱ ያለው በር አንኳኩቶ በመግባት፣ ፈቃድ ሳይጠይቁ ባለመንካት፣ ዊልቸሩን ሳያስፈቅዱ ባለመግፋት ነው። ከእሱ ጋር ያለች እህቱን ሳይሆን እሱን ራሱን ጠይቁ። የማይናገር ሰው የማይሰማ አይደለም። በሥዕል ሰሌዳ፣ በታብሌት፣ በዓይኑ፣ በአውስትራሊያ የምልክት ቋንቋ ሊያወራችሁ ይችላል፤ የሚያወራበትን መንገድ የመማሩ ድርሻ የእናንተ ነው። ዓይን ዓይኑን አለማየት ለእኛ ጨዋነት ነው፤ እዚህ ንቀት ሊመስል ይችላል። በሌላ በኩል ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ዓይን ለዓይን መተያየት ያስጨንቃቸዋል። ስለዚህ አንድ ሕግ የለም፤ ሰውየውን አንብቡ።

ጸሎትም ለራሳችሁ ይሁን። ጸበል መምከር፣ «እግዚአብሔር ይፈውስሃል» ማለት ከልብ ቢመጣም፣ ለሚሰማው ሰው «እንዳለህ ሙሉ አይደለህም» የሚል መልእክት አለው።

ሰባተኛ፦ ዝም የማይባልበት ጉዳይ

አን ማሪ ስሚዝን እያሰብኩ ነው ይህን የምጽፈው። አደሌድ ትኖር ነበር፤ ሴሬብራል ፖልዚ ነበራት። ሚያዝያ 2020 በ54 ዓመቷ ሞተች። ለወራት አንድ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለች ነበር የኖረችው። በምግብ እጥረት ተጎድታ፣ ሰውነቷ በከባድ ቁስል ተበልቶ ሆስፒታል ደረሰች። የምትንከባከባት ሠራተኛ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ሆና ታስራለች። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛ ብቻውን በሚሠራበት ቤት ላይ ቁጥጥሩ ጠብቋል። በ2019 የተቋቋመው የአካል ጉዳት ሮያል ኮሚሽን፣ ማለትም ከፍተኛው የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን፣ በመስከረም 2023 ባለ 12 ቅጽ ሪፖርቱን ከ222 ምክረ ሐሳቦች ጋር አቅርቧል። እንዲህ ያለው በደል የአንዲት ሴት ታሪክ ብቻ አልነበረም።

የኤንዲአይኤስ የሥነ ምግባር ደንብ የተለያዩ ነጥቦች አሉት። ከነሱ አንዱ፣ ያሳሰባችሁን ነገር ወዲያው መናገር ነው። እዚህ ላይ እኛን የምትይዘን አንዲት አባባል አለች፦ «የሰው እንጀራ አልዘጋም»። የሥራ ባልደረባ ሲጮህ፣ ሲገፋ፣ ያልሰጠውን መድኃኒት ሰጥቻለሁ ብሎ ሲፈርም አይተን በይሉኝታ እናልፋለን። እባካችሁ አትለፉ። በዚያው ሰዓት ለኃላፊያችሁ ንገሩ፤ በጽሑፍም አስቀሩ። የተመዘገበ ድርጅት እንደ ጥቃት፣ ከባድ ጉዳትና ቸልተኝነት ያሉትን በ24 ሰዓት ውስጥ ለኮሚሽኑ ማሳወቅ አለበት። ድርጅቱ ካልሰማችሁ የኮሚሽኑ ስልክ 1800 035 544 ነው።

ስምንተኛ፦ ሥራ ፍለጋና ክፍያ

ኢንተርቪው ላይ የሚመጡ ጥያቄዎች ይታወቃሉ። «ክላየንቱ ገላዬን አልታጠብም ቢል ምን ታደርጋለህ?» «አስገድደዋለሁ» ወይም «ይቅር ብዬ እሄዳለሁ» ሁለቱም ይጥላሉ። ምክንያቱን እጠይቃለሁ፣ ሌላ ሰዓት ወይም ሌላ መንገድ አቀርባለሁ፣ ካልፈለገ አከብራለሁ፣ ኖት ላይ እጽፋለሁ፣ ከተደጋገመ ለኃላፊዬ እናገራለሁ በሉ። ከሕይወታችሁ ምሳሌ አምጡ። የታመመች እናታችሁን አስታማችሁ ከሆነ ልምድ ነው፤ ተናገሩት።

ክፍያው ስካድስ በሚባለው የሥራ ዘርፉ አዋርድ፣ ማለትም ዝቅተኛውን ክፍያ በሚወስነው ደንብ፣ ይወሰናል። መጠኑ በየዓመቱ ሐምሌ ስለሚቀየር የወቅቱን የሠራተኛ መብት ከሚከታተለው የመንግሥት ተቋም፣ ከፌር ወርክ፣ እዩ። መርሆዎቹን ግን ያዙ። ካዥዋል፣ ማለትም ቋሚ ሰዓት የሌለው፣ ሠራተኛ በሰዓት 25 በመቶ ይጨመርለታል፤ የዓመት እረፍትና የሕመም ፈቃድ ክፍያ ግን የለውም። ይህ ጭማሪ ሳይታሰብ የቋሚ ሠራተኛ ክፍያ ቅዳሜ አንድ ተኩል፣ እሁድ እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ለ45 ደቂቃ ጠርተዋችሁ የ45 ደቂቃ ብቻ መክፈል አይቻልም፤ ትንሹ 2 ሰዓት ነው። ስሊፕ ኦቨር ማለት እዚያው የምታድሩበት 8 ሰዓት ነው፤ በሰዓት ሳይሆን በአበል ይከፈላል። ሌሊት ተነስታችሁ ከሠራችሁ ግን የኦቨርታይም ክፍያ አለው፤ ስንት ሰዓት ተነስታችሁ ምን እንደሠራችሁ ጻፉ። ሱፐር፣ ማለትም የጡረታ መዋጮ፣ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 12 በመቶ ነው።

«ኤቢኤን አውጣና በሰዓት የበለጠ እንክፈልህ» የሚሉ አሉ። ኤቢኤን በራስ ስም ለመሥራት የሚወጣ የንግድ መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ያጓጓል። ግን ግብሩን፣ ጡረታውን፣ ኢንሹራንሱን እናንተ ትሸከማላችሁ፤ ወገባችሁ ቢጎዳ የሥራ ላይ ጉዳት ካሣው አይሸፍናችሁ ይሆናል። ሮስተራችሁን (የሥራ መርሐ ግብራችሁን) እነሱ እያወጡ፣ እነሱ እያዘዟችሁ ከሆነ በእውነቱ ተቀጣሪ ናችሁ። ለጀማሪ ተቀጥሮ መሥራት ይሻላል። ጥርጣሬ ካላችሁ ፌር ወርክ 13 13 94 ነው። በአማርኛ ለመነጋገር መጀመሪያ የአስተርጓሚ አገልግሎቱን 131 450 ደውላችሁ አገናኙኝ በሉ። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ በትምህርት ወቅት በሁለት ሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ መሥራት እንደማትችሉ አትርሱ።

ዘጠነኛ፦ የመጀመሪያው ሺፍት

10 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። የሚወጣው ሠራተኛ ሳይሄድ ሌሊቱ እንዴት እንደነበር፣ መድኃኒት ተሰጥቶ እንደሆነ፣ የተለየ ነገር እንዳለ ጠይቁ። ፕላኑን አንብቡ፤ የአለርጂና የሚጥል በሽታ ገጹን ሁለት ጊዜ። ከዚያ ወደ ሰውየው ሂዱ፣ ስማችሁን ንገሩ። «ጠዋት ላይ እንዴት ነው የሚመችህ?» በሉት። መልሱ ለመውጣት አንድ ደቂቃ ቢፈጅ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ዓረፍተ ነገሩን አትጨርሱለት።